ከመናፈሻው በፊት መዝገቡ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ወለጋ እንጓዛለን። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል አልፋችሁ፣ ነቀምት ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሯችሁ መንገድ ዳር የምታገኟት ከተማ ጉቴ ናት። የዋዩ ቱቃ ወረዳ ዋና ከተማ። የምንነጋገረውም ስለ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ጉቴን የመሰለች ትንሽ ከተማ በአካባቢዋ የሚበቅለውን ሁሉ ሰብስባና ለይታ፣ ለልጆቿም ለእንግዳም የምታሳይበት፣ ነዋሪው ራሱ የሚያስተዳድረው የዕፅዋት ቦታ እንዲኖራት ብትፈልግ ከየት ትጀምር?

ይህን ሐሳብ ለወለጋ ሰው ስታነሱ የሚሰጣችሁ መልስ የታወቀ ነው። «እዚህ የቱ ነው ያልለመለመው? ዛፍ ለማየት ደግሞ አጥር ማጠር ያስፈልጋል እንዴ?» ይላችኋል። አልተሳሳተም። አካባቢው በዓመት እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፤ ዱላ ብትተክሉ የሚያበቅል አፈር ነው። ግን ልምላሜ አንድ ነገር ነው፣ የዕፅዋት ብዛትና ዓይነት ደግሞ ሌላ። የባሕር ዛፍ ተክል ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። በሐምሌ የበቆሎ ማሳም አረንጓዴ ነው። በሁለቱም ውስጥ ግን አንዲት ሴት ለልጇ ሆድ ቁርጠት የምትቀጥፈው ቅጠል አይገኝም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ያለን ከዚያው ከዋዩ ቱቃ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በዚህ ወረዳ ሰዎች ለመድኃኒትነት የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት አንድ በአንድ አጥንተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። የመዘገቡት 126 ዝርያ ነው። በአንድ ወረዳ ብቻ! ከነዚህ ውስጥ በጓሮ ብቻ የሚገኙት 33 ሲሆኑ 86ቱ የሚለቀሙት ከዱር ብቻ ነው፤ ከጫካ፣ ከወንዝ ዳር፣ ከእርሻ ድንበር። ቁጥሩን ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩት፣ ከሦስት መድኃኒት ሁለቱ ማንም ያልተከለው፣ ማንም የማይጠብቀው ነው ማለት ነው። ወረዳው የኮምቶ ደንን የመሰለ ጥንታዊ ደን አለው። ይሁንና ደኑ በእርሻ መስፋፋት፣ በግጦሽና በእንጨት ቆረጣ እየተገፋ ነው። ደኑ አንድ ክንድ ባፈገፈገ ቁጥር መድኃኒቱም አብሮ ያፈገፍጋል፤ አዋቂው ሽማግሌ ሲያልፍ ደግሞ እውቀቱ ከቅጠሉ ቀድሞ ይጠፋል።

አሁን የዕፅዋት ማዕከል የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ የሚታየን አበባ፣ የተከረከመ ሣር፣ አግዳሚ ወንበርና ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ነው። ያ መናፈሻ ነው። መናፈሻ ጥሩ ነገር ነው፤ ከተማ ሁሉ ቢኖረው ይገባዋል። የዕፅዋት ማዕከል ግን ሌላ ነው። በቦታው ሳይነቀል እስከ ዛሬ የቆየው የዓለማችን ጥንታዊ የዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ማዕከል በጣሊያን ፓዶቫ ከተማ በ1545 የተቋቋመው ነው። የተቋቋመበት ምክንያት ውበት አልነበረም። የሕክምና ተማሪዎች አንዱን መድኃኒት ከሌላው መለየት አልቻሉም ነበር፤ ሻጮችም አንዱን ሥር በሌላው ስም ያቀርቡ ነበር። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው መምህር ፍራንቸስኮ ቦናፌዴ፣ ትክክለኛው ተክል ከነስሙ ቆሞ የሚታይበት ቦታ ይሰጠን ብሎ የቬኒስን መንግሥት ጠየቀ። ተሰጠው። ወዲያው ደግሞ ሌቦች በሌሊት እየገቡ መድኃኒቱን መንቀል ስለጀመሩ ዙሪያውን ግንብ ማጠር ግድ ሆነ። ጉቴም ብትጀምር የአጥሩን ነገር ከወዲሁ ብታስብበት አይከፋም፤ ሌባው ፍየል ሊሆን ይችላል እንጂ ችግሩ ያው ነው።

ዛሬም በዓለም ያሉ የዕፅዋት ማዕከላት የሚስማሙበት መለያ አንድ ነው፤ የተመዘገበ የሕያዋን ዕፅዋት ስብስብ መሆን አለበት። ቁልፉ ያለው «የተመዘገበ» በሚለው ላይ ነው። አንድ ሺህ ዛፍ ተክሎ ከየት እንደመጡ የማያውቅ ሰው መናፈሻ አለው። 20 ዛፍ ተክሎ የእያንዳንዱን አመጣጥ በደብተር የያዘ ሰው ግን የዕፅዋት ማዕከል አለው። እኔ ለጉቴ የምመክረው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ደብተርና እስክሪብቶ የሌለው ቀበሌ የለም።

መዝገቡ ምን ይይዛል? አምስት ነገር ይበቃል። የተክሉ ስም፣ ዘሩ ወይም ችግኙ የተገኘበት ትክክለኛ ቦታ፣ የተወሰደበት ቀን፣ የሰጠው ወይም የሰበሰበው ሰው፣ እና ሰዎች ለምን እንደሚጠቀሙበት። ከዚያ ቁጥር ይሰጠዋል። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ሆኖ የገባው ተክል 2018-7 ይባላል። ያ ቁጥር ከዚያ ተክል ጋር ይኖራል፤ ተክሉ ቢሞት እንኳ ለሌላ አይሰጥም። አምስት ዓመት ቆይቶ አንድ ተማሪ «ይህ ጥቁር እንጨት ከኮምቶ ነው ወይስ ከችግኝ ጣቢያ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በደብተሩ ውስጥ አለ።

ቁጥሩ ዛፉ ላይም መንጠልጠል አለበት። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። የወለጋ ክረምት ወረቀትን በሁለት ሳምንት ያበሰብሳል፤ በቀለም የተጻፈ እንጨትም ዓመት አይደግምም። በብዙ ማዕከላት የሚሠራበት ቀላል ዘዴ ስስ አሉሚኒየም ነው። የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ በምስማር ጫፍ እየተጫኑ ቁጥሩን ይጽፉበታል። ጽሕፈቱ ተቦርቡሮ ስለሚቀር ዝናብ አያጠፋውም። ማንጠልጠያ ሽቦው ግን ላላ ይበል፤ ዛፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን እንዳያንቀው። ልጡ ዙሪያውን ከተቆረጠ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ አይወርድም፣ ዛፉም ቀስ ብሎ ይሞታል። ለጎብኚ የሚሆነው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ስሙ በሦስት መንገድ ይጻፍ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ እና በሳይንስ። ሆሚ፣ ጥቁር እንጨት፣ ፕሩነስ አፍሪካና። የሳይንሱ ስም የጉቴው ተማሪ ናይሮቢ ወይም ለንደን ካለ ባለሙያ ጋር ስለ አንድ ዛፍ እንዲነጋገር ያስችለዋል።

ጥቁር እንጨትን ካነሳን፣ ይህ ዛፍ ለብቻው አንድ ዝግጅት ይወጣዋል። ልጡ በአውሮፓ ለወንዶች የፕሮስቴት እጢ ሕመም መድኃኒት ይሠራበታል። ለዚህ ሲባል በካሜሩንና በማዳጋስካር ዛፉ ቆሞ እያለ እየተላጠ ብዙ ስላለቀ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር እንዲደረግበት ተወስኗል። ወለጋ ውስጥ ይህ ዛፍ ከቤታችን ጀርባ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ስንቶቻችን እንደምንለየው ግን እንጃ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ በአገራችን ለዚህ ሥራ ምሳሌ የሚሆን ቦታ አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ፣ ይህም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው፣ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ 705 ሄክታር መሬት ይዟል። ቦታው በአብዛኛው በባሕር ዛፍ የተያዘ ነበር። ሥራው ባሕር ዛፉን ደረጃ በደረጃ እያስወገዱ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በሌሎች የአገር በቀል ዛፎች መተካት ሆነ። ከጀርባው ደግሞ ትልቅ የእውቀት ስንቅ አለው። የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚሁ አቆጣጠር በ1980 የጀመሩት የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ጥናት በ2009 በ8 ቅጾች ተጠናቋል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይገልጻል፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከዚህ ምድር ውጪ አይገኝም። ፕሮጀክቱን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ በኋላ ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው።

ጉቴ ግን ጉለሌን መቅዳት የለባትም። 705 ሄክታር ስለሌላት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ኮሶ ዝነኛ ነው፤ ማንም የአገር በቀል ዛፍ ሰልፍ ሲያወጣ ኮሶን ፊት ያስቀምጣል። ነገር ግን ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ወዲያ ላይ ነው የሚመቸው። ነቀምትና ጉቴ ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ለዝናው ሲባል ወርዶ የተተከለ ኮሶ እየቀጨጨ ያሳፍራል። የጉቴ ማዕከል ኩራት መሆን ያለበት በጉቴ አየር ደልቶት የሚያድገው ነው፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሥራቸው ደግሞ ቡናና ኮረሪማ።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። «ዘር ከሆነ የሚፈለገው አዲስ አበባ የጂን ባንክ አለን አይደል?» አዎ አለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም የጤፍን፣ የስንዴን፣ የገብስን ዘር አድርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለአሥርተ ዓመታት ያቆያል። በዶክተር መላኩ ወረደ አመራር ዘሩን በገበሬው ማሳ ላይ እያቆዩ የመጠበቅን ዘዴ ስላሳየም በዓለም ተመስግኗል። ነገር ግን ሁሉም ዘር ማድረቅና ማቀዝቀዝ አይወድም። ዶቅማን ውሰዱ። ልጆች እየለቀሙ የሚበሉት፣ ምላስ የሚያጠቁረው ፍሬ። ውስጡ ያለው ዘር ውሃ የቋጠረ ነው፤ ካደረቃችሁት ይሞታል፣ በረዶ ውስጥ ካስገባችሁትም ይሞታል። ፍሬው ከወደቀ በኋላ ያለው ዕድሜ በሳምንታት ነው የሚቆጠረው። ቡናም እንደ ስንዴ በቅዝቃዜ አይቆይም። ለዚህ ነው ኢንስቲትዩቱ በጅማ ዞን ጮጬ ላይ ከ5 ሺህ የሚበልጡ የቡና ናሙናዎችን በመሬት ላይ ተክሎ የሚጠብቀው። እንደነዚህ ያሉ ዕፅዋት ባንካቸው አፈር ነው። ስለዚህ ጉቴ ላይ የሚተከል አንድ ዶቅማ አዲስ አበባ ያለው ማቀዝቀዣ ሊሠራ የማይችለውን ሥራ ይሠራል።

ዝግባም የራሱ ጠባይ አለው። በኦሮምኛ ቢርቢርሳ ይባላል። ወንዴው ዛፍ ለብቻ፣ ሴቴው ለብቻ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በግቢው አንድ ዝግባ ተክሎ ሃያ ዓመት ዘር ቢጠብቅ ላያገኝ ይችላል፤ ወንዴ ሊሆን ይችላላ። ዘሩም ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይነካ ከተዘራ ለመብቀል ወራት ይፈጃል፤ ውስጡን ሳይጎዱ ቅርፊቱን ሰንጠቅ ማድረግ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ዝግባ ሲተከል በርከት ብሎ ነው፤ ከተለያየ እናት ዛፍ። ይህ ለሌሎቹም ይሠራል። የዘር ባለሙያዎች ከአንድ አካባቢ ዘር ስትሰበስቡ እርስ በርሳቸው ቢያንስ 50 ሜትር ከሚራራቁ 30 ያህል እናት ዛፎች ውሰዱ ይላሉ። ከአንድ ዛፍ ሥር አንድ ጆንያ ሙሉ መሰብሰብ ቀላል ነበር፤ ግን የሚበቅሉት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ፣ አንድ በሽታ ሲመጣ አብረው ያልቃሉ። በየዓመቱ ለአረንጓዴ አሻራ የምናፈላው ችግኝ ላይም ብዙ የምንዘነጋው ይህን ነው፤ ስንት ተተከለ እንላለን፣ ከስንት እናት የሚለውን የሚጠይቅ የለም።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ። የጉቴ የዕፅዋት ማዕከል ከዛፍ በፊት አንድ መደብ ይኑረው ብባል የማነሳው አንጮቴን ነው። የሳይንስ ስሙ ኮክሲኒያ አቢሲኒካ፤ መኖሪያው ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ወለጋ። ወለጋ ያላደገ አድማጭ ላያውቀው ስለሚችል ትንሽ ላብራራ። አንጮቴ የዱባ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው። ከቅጠሉ አጠገብ እንደ ሽቦ የሚጠመዘዝ መያዣ እያወጣ ድጋፍ እንጨቱ ላይ ይወጣል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ለዘር የሚፈለገው እሱ ነው። ለምግብ የሚፈለገው ግን መሬት ውስጥ ያለው ሥራ ሥር ነው። በበልግ ማብቂያና በክረምት መግቢያ ይዘራና ለመስቀል ሰሞን ይደርሳል፤ በወለጋ ብዙ ቤት መስቀል ያለ አንጮቴ መስቀል አይመስልም። ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ በቅመምና በደንብ በተነጠረ ቅቤ ይቀርባል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለወላድ ሴት ይመረጣል። በላቦራቶሪ የመረመሩት ተመራማሪዎችም ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ሲተያይ ካልሲየሙ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። የአገሬው ሰው አጥንት ይጠግናል ያለው በከንቱ አልነበረም።

የአንጮቴ ዘር አያያዝ ግን እንደ አበሳሰሉ አይታወቅም። ጎበዝ ባለጓሮዎች ሁሉንም ሥር አይቆፍሩም። ጥቂት ጠንካራ እናት ሥሮችን መሬት ውስጥ ለዓመታት ይተዋሉ፤ በየዓመቱ ከዚያው ይበቅላሉ፣ ያፈራሉ፣ ዘሩ ከነሱ ይወሰዳል። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በማዕከሉ ውስጥ የአንጮቴ መደብ ቢዘጋጅ ከየጓሮው የመጣው ዘር ለየብቻው ተዘርቶ፣ የትኛው ቀድሞ እንደደረሰ፣ የትኛው ፈጥኖ እንደሚበስል፣ የሥጋው ቀለም ነጭ ይሁን ወይም ቀላ ያለ፣ መዝገቡ ላይ ይጻፋል። የሰጪዋ ስምም፣ ፈቅዳ ከሆነ፣ አብሮ ይጻፋል። ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚመጣ ባለሙያ ያንን ደብተር ቢያገኝ ለብዙ ወራት ከሚያደርገው ዙረት ይድናል።

ሁለተኛው መደብ የኑግ ይሁን። ኑግ ኢትዮጵያ ውስጥ የለማ ሰብል ነው፤ ወለጋም ከዋናዎቹ አምራቾች አንዷ ናት። የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት አይዳብርም፤ ከሌላ ተክል በንብ መምጣት አለበት። ስለዚህ የኑግ መደብ ካለ ቀፎ ይኑር፤ ማሩም ለጥበቃው ደመወዝ ያግዛል። ከኑጉ አጠገብ ደግሞ ሜጭ ይተከል። አርሶ አደሮች ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል፤ ሜጭ ከማሳ የሚነቀል አረም ነው። ግን የኑግ የዱር ዘመዱ ነው፤ ነገ ኑግ በሽታ ቢመታው መድኃኒቱ የሚፈለገው እዚያ ነው። የዕፅዋት ማዕከል ለአረምም ክብር የሚሰጥ ቦታ ነው።

ግራዋንም አንርሳ፤ በኦሮምኛ ኤቢቻ። ከየቤቱ አጥር የማይጠፋ፣ ጋንና ገንቦ የምናጥብበት መራራ ቅጠል። ሰው ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ተመራማሪዎች የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን ቀምበጥ ልጣ መራራውን ጭማቂ ስትመጥ አይተዋል። ይህን ታሪክ ሰሌዳው ላይ አንብቦ ግራዋን እንደ ድሮው የሚያይ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

የመድኃኒት ዕፅዋቱ ክፍል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የዕፅዋት ማዕከል ክሊኒክ አይደለም። ሰሌዳው ተክሉን ያስተዋውቃል እንጂ «ይህን ያህል ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ» ብሎ አይጽፍም። በእንዶድ ልብስ እናጥባለን፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአውሮፓውያኑ፣ አድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ቢልሃርዝያን የመዋጋት ምርምር ከፍቷል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ግን ሲጠጣም ይመርዛል። ኮሶም መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። መጠን የሚያውቀው አዋቂው ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ስለ አዋቂዎቹም ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የባህል ሐኪሞች እውቀታቸውን የሚያስተላልፉት በምስጢር፣ ከቤተሰብ ለመረጡት ልጅ ነው። ማዕከሉ መጥቶ «ንገሩን፣ እንመዝግብ» ቢላቸው ዝም ቢሉ አልፈርድባቸውም። ተክሉን ይስጡ፣ አሠራሩን ለራሳቸው ይያዙት፤ ለማዕከሉ የሚያስፈልገው ተክሉ ነው። ሕጉም ከነሱ ጋር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን ማንም እየመጣ እንዳይወስድ፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል። አዋጁ ለምን እንዳስፈለገ የጤፍ ነገር ያስረዳል። ከአገራችን ጋር በ2005 በአውሮፓውያኑ ውል የገባ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በዚያው አቆጣጠር በ2018 ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ያለውን መብት ሽሮታል። እናቶቻችን ሲያቦኩት የኖሩትን ነገር ለማስመለስ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። ጥሩ መዝገብ ለዚህም ይጠቅማል፤ ማን ቀድሞ ያውቅ እንደነበር በቀን ተጽፎ ይገኛላ።

መሬቱስ ከየት ይመጣል? ግማሽ ሄክታር ለመጀመር ይበቃል። የትምህርት ቤት ግቢ ጥሩ ነው፤ አጥር አለው፣ ጉልበት አለው፣ በክፍል የሚማሩትን በዓይን ለማየትም ይመቻል። የእምነት ተቋማት ግቢም እንዲሁ። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያጠኗቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያቸውን ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ሲታጠሩ ከብት እንዳይገባ ሆኖ ችግኙ ከሥር መብቀል ጀምሯል። ሦስተኛው አማራጭ ከኮምቶ ደን ጠርዝ ላይ መሥራት ነው፤ ዘሩ ከአጠገቡ ይገኛል። የእኔ ምርጫ ትምህርት ቤቱ ነው። ባለሥልጣን ይቀየራል፣ ፕሮጀክት ያልቃል፣ ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ አዲስ ልጆች ይገቡበታል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት ላይ ስላለ፣ የሳይንስ ስሙን ለማረጋገጥ ቅጠልና አበባ ተጭኖ የደረቀ ናሙና ይዞ መሄድ ሩቅ አይደለም።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ አንድ ቃል ልበል፤ ደብዳቤ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁና። ባሕር ዛፍ ጠላት አይደለም። ለገበሬው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ክዳን ነው። ግን ቦታው ማዕከሉ ውስጥ አይደለም፤ እንዳይረሳ የሚጠብቀው ሰው አያስፈልገውምና።

መሬቱ እስኪፈቀድ፣ ኮሚቴው እስኪመረጥ ድረስ ግን ሥራው አይቆምም፤ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። አንድ ደብተር ውሰዱ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ያሉ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጋ ሂዱና አንድ ተክል ብቻ አሳዩኝ በሉ። ስሙን በኦሮምኛና በአማርኛ፣ የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚጠቀሙበት፣ የነገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑን ጻፉ። ተማሪ ከሆናችሁ ለባዮሎጂ መምህራችሁ አሳዩ፤ መምህር ከሆናችሁ የክፍሉን ልጆች አንድ አንድ ተክል አከፋፍሏቸው። በመንገዳችሁ የበሰለ ዶቅማ ወድቆ ካገኛችሁ ደግሞ ፍሬውን ብሉት፤ ዘሩን ግን ኪሳችሁ ውስጥ አታቆዩት፣ ሳይደርቅ በዚያው ሳምንት በእርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ የት እንደተገኘም ጻፉበት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)